ካሴቱ የበላው መጨረሻ

የሰይድ ትርጉምን ሞት ያረዳኝ ጀማል ባለባጃጁ ነው። ጠዋት እጄ በሳምቡሳ ሊጥ ተለውሶ ሳለ በሬ ላይ ቆመና፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አንገቱን ብቅ አደረገ። መርዶ ወግ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ጀማል ይሄ ሁሉ የለበትም። "ዘሃራ፣ ቤቱ ባዶ ነው" አለኝና አፉን በእጁ ያዘ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ወላሂ፣ እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። ጀማልም መሪውን ተደግፎ እንደዚያው ሆነ። ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ሁለታችንንም እያፈራረቀች ስታየን ቆየችና "ኧረ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ" ብላ ወረደች።

ከሚሴ ያደገ ሰው "ቤቱ ባዶ ነው" ሲባል ይገባዋል። ለሌላው ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው፤ ለማስረዳት ደግሞ ከሰውየው መጀመር አለብኝ።

ሰይድ የቪዲዮ ቤት ነበረው። የደሴው መኪና ሁሉ በሚያልፍበት አስፋልት ዳር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከእንጨት የተመቱ አግዳሚዎች፣ ፊት ለፊት ሣጥን ላይ አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ። እኔ በሩ ላይ ሻይና ሳምቡሳ እሸጥ ነበር። ስለዚህ ያንን ሁሉ ፊልም ያየሁት በጆሮዬ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገሩ የጠነከረ ሲመስለኝ ብቻ መጋረጃውን ገለጥ አደርጋለሁ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ መጀመሪያ አንቱ እለው ነበር። "አንቱ የሚባል ሰው ፊልም አይተረጉምም፣ ተይኝ አቦ!" ብሎ አስተወኝ።

ትርጉም የተባለው በሥራው ነው። ፊልሙ የእንግሊዝም ይሁን የህንድ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ዘንግ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና እየተከታተለ ይተረጉማል። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት ወለል ሲጠርግና ቲኬት ሲቆርጥ ኖሯል፤ እንግሊዝኛውን "በጨለማ ነው የለመድኩት" ይላል። ህንድኛውን የት እንደለመደው አላህ ይወቅ። ድብድቡን በአማርኛ፣ ልቅሶውን በኦሮምኛ ነበር የሚተረጉመው። "ምነው እንዲህ ታደርጋለህ?" ብለው፣ "እናቴ ያለቀሰችው በኦሮምኛ ነዋ!" አለኝ። ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ደግሞ ኮቱን እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ቴሌቪዥኑን ይጋርድና፣ "እዚህ ላይ የግል ጉዳይ አላቸው፤ እንለፋቸው" ይላል። ቤቱ በፉጨት ይናጋል። እሱ ንቅንቅ የለም።

ከካሴቶቹ ሁሉ አንዱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ካርቶኑ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ ወደ ኋላው ያያል፤ ርዕሱ የተጻፈበት ጥግ ተቀዶ ጠፍቷል። ክረምት ሲሆን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መኪና ተበላሽቶበት መንገደኛ የቀረ ቀን፣ ያንን ያወጣል። የጊዜው ወጣት ያጉረመርማል።

"ጋሼ፣ ቀለም የሌለው ፊልም ምን ይሠራል?"

"ቀለሙን አንተ ጨምርበት! ሁሉን እኔ ላድርግልህ እንዴ?"

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጉም በዋጠው ከተማ ውስጥ ኮሌታውን ከፍ አድርጎ ይሸሻል። የሌላ አገር ሰው ነው፤ ምስጢር ሊሰልል መጥቶ ታውቆበታል። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሰላይ ይለዋል። ሰይድ ግን አንድም ቀን ሰላይ ብሎት አያውቅም። "እንግዳው" ነው የሚለው። እንግዳው ባቡር ጣቢያ ደረሰ። እንግዳው ብርድ መታው። እንግዳው ራበው። ጀማል ያኔ ከፊት አግዳሚ የማይጠፋ አፈኛ ጎረምሳ ነበር፤ አንድ ቀን አላስችል አለውና "ጋሼ ሰይድ፣ ሰውየው እኮ ስም አለው! አሁን እንኳ በስሙ ጠሩት" አለ።

"እንግዳ ስሙ አይጠየቅም። ነውር ነው። አንተን ማነው ያሳደገህ?"

ቤቱ ሳቀ። እኔም ከውጭ ሆኜ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

መጨረሻ ላይ እንግዳው አንዲት ሴትዮ ቤት ይጠጋል። መልካም ሴት ናት፤ ሾርባ ትሰጠዋለች፣ ፎቅ ላይ ታስተኛዋለች። በነጋታው ረፋድ በሩ ይንኳኳል። ሁለት ሰዎች ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጧታል፣ ይጠይቋታል። ሴትዮዋ ሽርጧን ታራግፋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ልትመልስላቸው አፏን ትከፍታለች። ልክ እዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ሽሽሽ ብሎ ነጭ ይሆናል። በዚያ ሽሽታ ውስጥ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "'ቤቱ ባዶ ነው' አለቻቸው" ይላል። ከዚያ ዘንጉን ወደ እኛ ያዞርና፣ "ከዚህ በኋላ ያለውን ካሴቱ በልቶታል፤ እኔ ልንገራችሁ" ይላል። ይነግረናል። ሰዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ይሄዳሉ። እንግዳው በኋላ መስኮት ወርዶ ድልድዩን ይሻገራል። ማዶ ካለ መንደር ይደርሳል፣ ይበላል፣ እግሩን ታጥቦ ይተኛል። በቃ። ሰዉ "እፎይ" ብሎ ይወጣል።

ካሴት በላ ማለት ያኔ ለሁላችንም ግልጽ ነበር፤ ማጫወቻው ክሩን ያኝከዋል፣ የተጎዳው ተቆርጦ ይጣላል። ማንም አልተጠራጠረም። "ቤቱ ባዶ ነው" ግን ከተማውን ሞላው። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ፣ ባለዕዳ ሲፈለግ፣ አማት ከባቲ ገበያ ተሸክማ ስትደርስ፣ ከጓሮ የሚመለሰው ይሄው ሆነ። ኪሱን ገልብጦ "ቤቱ ባዶ ነው" የሚልም ነበር።

ሰይድን ተቆጥቶ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። መኪና የተበላሸበት አንድ የተማረ መንገደኛ ገብቶ ነበር። ከመሀል ተነሳና፣ "ይቅርታ፣ ትርጉሙ ተሳስቷል። ይሄ የስለላ ፊልም ነው። ሰውየው እንግዳ ሳይሆን ሰላይ ነው፤ ያው ጆሮ ጠቢ የምንለው" አለ። በመጋረጃው አየሁ። የሰይድ ዘንግ ከእጁ ወደቀ። ቴሌቪዥኑን አጠፋ። "ቤቴ ውስጥ ይሄ ቃል አይነሳም። ሁላችሁም ውጡ" አለ። ሁሉም ወጣ። ሰይድ ከውስጥ ቆልፎ ቀረ፤ ሻይ ይዤ ባንኳኳም አልከፈተልኝም።

ከዚያ ወዲህ ወሬ ተነሳ። በዚያ ሰው በሚታፈስበት ክፉ ዘመን እሱ ራሱ ጆሮ ጠቢ ነበር፣ ቃሉን የሚፈራው ለዚህ ነው ተባለ። አንዷ ይሄን ሻይዬን እየጠጣች ብትነግረኝ፣ "አፍሽን ያዢ! ስኳር አልጨምርልሽም" አልኳት። ግን እኔም ነገሩ ሳይከነክነኝ አልቀረም፣ ምን ልዋሽ።

አንድ ሌላ ነገርም ልንገራችሁ፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። ሰይድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጨፋ ላይ፣ ከአባቱ የወረሰው ቁራሽ መሬት ነበረው። ማሽላው ሲያፈራ ወፍ ለማባረር የካሴት ክር ከእንጨት እንጨት ይወጥርበታል፤ ይሄን የሚያደርግ ሞልቷል። ነፋስ ሲመታው ክሩ ይጮሃል። አንድ ዓመት ምሳ ላደርስለት ሄጄ፣ "ምንድነው እንዲህ የሚያላዝነው?" አልኩት። "ፊልም ነው" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ስቄ ምሳውን አቀረብኩ።

ዓመታት አለፉ። ሁሉም በኪሱ ስልክ ይዞ ፊልም ማየት ጀመረና ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ዛሬ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ሰይድ ከጀርባው ባለችው ክፍል ቀረ። ሚስቱ ሞተች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ዓይኑ ጠፋ። ምግቡን እኔ አደርስለታለሁ፤ ልጄ ሃያት፣ እዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረው፣ ሲመቻት ቁጭ ብላ ታጫውተዋለች። "አባ ሰይድ" ነው የምትለው። አልጋው ሥር ያንን የተቀደደ ካርቶን አግኝታ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። እኔ ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ላለች ጓደኛዋ ልካ አስፈልጋ ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት ምግቡን አድርሼ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ ሮጣ ገባች። "አባ ሰይድ! ፊልምዎን አገኘሁልዎ! በዲስክ እንደገና አውጥተውታል፣ ጭረቱን አጽድተው፣ ድምፁን አጥርተው። ጥቁርና ነጭነቱ እንዳለ ነው።"

ፊቱ በራ። እጁን ዘርግቶ የዲስኩን ሣጥን ተቀበላት፣ ዳበሳት፣ አሸተታት።

"ደግሞ ሙሉው ነው" አለች ሃያት። "የጎደለ የለውም።"

እጁ ቀጥ አለ። "መጨረሻውም አለበት?"

"አለበት እንጂ!"

"ማሻ አላህ፣ ልጄ" አለ። ድምፁ ግን የሱ አልነበረም። "በይ እስኪ ዳቦ ግዢልኝና ሻይ እንጠጣ።" ዳቦ አጠገቡ ነበር። እሷን አስወጥቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ዘሃራ፣ በሩ ተዘግቷል?"

"ተዘግቷል። ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?"

"ጨፋ ነበርኩ" አለ። "አዲስ ሙሽራ። የአፈሳው ጊዜ ነው። አንድ ወጣት መጣብን፣ ጫማው አልቆ፣ ከንፈሩ ደርቆ። አስገባነው። በላ፣ ተኛ። ስሙን አልጠየቅሁትም። እንግዳ ራሱ ካልተናገረ አይጠየቅም፣ ታውቂያለሽ። በነጋታው ረፋድ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆሙ። 'አካም ጅርቱ' አሉኝ። ከብቱ ደህና ነው፣ ማሽላው ደህና ነው፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ እያሉ እንዴት ያለ ሰላምታ መሰለሽ! የኛው ወገኖች፣ የኛው አፍ። ከዚያ 'ኬሱማ ቀብዱ?' አሉኝ። እንግዳ አላችሁ? ነው ያሉኝ። እኛ ቤት ደግሞ እንግዳ የለንም ማለት ውርደት ነው፣ ዘሃራ። ዘመዶቹ መሰሉኝ። ደስ ብሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ 'ኤ፣ ቀብና! ኮታ!' አልኳቸው። አለን፣ ኑ ግቡ አልኳቸው። በሩን ወለል አድርጌ የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ።"

"ያ ረቢ" አልኩ።

"ሲወስዱት ዞር ብሎ አየኝ። ይሄው ዓይኔ ጠፍቶ እንኳ እሱ ሲያየኝ ይታየኛል። የት ልጠይቅ? ማንን ብዬ? ስሙን አላውቀው። ዱዓ ሳደርግለት እንኳ 'ያ ረቢ፣ እንግዳዬን' ነው የምለው። ሰው ጆሮ ጠቢ ይለኛል፣ እሰማለሁ። ጆሮ ጠቢ አልነበርኩም ዘሃራ። ጨዋ ነበርኩ። ጨዋነቴ ነው ያስበላው።"

እጁን ያዝኩት። 

"ካሴቱን መጀመሪያ ብቻዬን ነው ያየሁት" አለ። "ያቺ ሴትዮ፣ እንደ እኔ ፈገግ ብላ፣ ወደ ደረጃው ጠቆመቻቸው። ወጡና ገደሉት። ካሴቱ አልበላውም። በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"ቁራጩስ?"

"ማሽላዬ ላይ ሰምተሽው የለ" አለኝ።

ያ የክሩ ልቅሶ ጆሮዬ ውስጥ መጣ።  ያኔ ምግብ እያቀረብኩ ስቄበታለሁ።

"ዲስኩን እመልስልሃለሁ" አልኩት። "መብራት የለም እላታለሁ። ተበላሽቷል እላታለሁ። አብሽር።"

"ተይ! ልጅቷ ደክማበታለች። ሰው ስጦታ አምጥቶ አላይም ይባላል እንዴ? ነውር ነው።"

አያችሁት? ያው ጨዋነቱ ነው። ሰው እንዲህ ተቃጥሎ ከዚያው እሳት አይማርም እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ግን ሰይድ ሌላ ሰው መሆን አይችልበትም።

በነጋታው ጀማል ቴሌቪዥኔንና ማጫወቻውን በባጃጁ ጭኖ አመጣልንና ወደ ሥራው ሄደ። ሃያት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ እኔ ከጎኗ፣ ሰይድ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ። ኮቱን አልብሱኝ ብሎ ለብሷል። ምስሉ እንዴት ይጠራል! የጉሙ ጭስ ሳይቀር ይለያል። ሃያት እንደ መምህርነቷ ጥንቅቅ አድርጋ ትተረጉማለች። "ሰላዩ ባቡር ጣቢያ ደረሰ" ስትል በጉልበቴ ገፋኋት። "እንግዳው በይ" አልኳት። ገርሟት አየችኝ፤ ግን አለች። ሰይድ ያዳምጣል። ሾርባው ጋ ስንደርስ እጁ አንሶላውን ጨበጠ።

በሩ ተንኳኳ። ሰዎቹ ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ ሽርጧን አራገፈች፣ አፏን ከፈተች። ነጭ የሚሆን ነገር የለም፤ ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረች። ሃያት "እሷም 'አዎ፣ ፎቅ ...'" ብላ ስትጀምር አፏን በመዳፌ ከደንኩት።

"'ቤቱ ባዶ ነው' አለቻቸው" አልኩ።

የጫማ ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ይሰማል። ከዚያ ተኩሱ። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ያ ድምፅ ግድግዳውን መታው።

"ምንድነው እሱ?" አለ ሰይድ።

"በሩን ዘጋችባቸው።"

"እንዲህ ይጮሃል?"

"የፈረንጅ በር ነው፤ ከባድ ነው።"

 ፊልሙ በሙዚቃ እያለቀ ነበር። የሃያት ዓይን ፈጦ ቀርቷል።

"ድልድዩን ተሻገረ?" አለኝ።

"ተሻገረ።"

"በላ?"

"ጠግቦ በላ። እግሩንም አጠቡት።"

"ስሙን ጠየቁት?"

ይሄን አልጠበቅሁም።  "ጠየቁት። ነገራቸው" አልኩ።

"ማን አለ?"

ስም ልፈጥርለት አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። የዚያን ልጅ ስም እንዴት ብዬ ከራሴ ልፍጠር? "ከባድ መኪና አለፈና አልሰማሁትም" አልኩት። አስፋልቱ ላይ እውነትም አንዱ እያጓራ እያለፈ ነበር።

ቀስ ብሎ ሳቀ። "ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያልፋል" አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "ተርጓሚ ወጥቶሻል፣ ዘሃራ" አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያመነኝ አይመስለኝም። ግን ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ አለኝ፤ ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሃያት መንገድ ላይ "እማ፣ ውሸት እኮ ነው! ሌላ ፊልም ነው የነገርሻቸው" ብላ ተቆጣችኝ። ልጄ ውሸት አትወድም፤ የኔ ሳምቡሳ ቀዝቅዞ "ትኩስ ነው" ስል እንኳ ደንበኛ ፊት ታርመኛለች። ቤት ስንደርስ ሁሉን ነገርኳት።  ሰይድ ከዚያ በኋላ ብዙም አልሰነበተ፤ እነሆ ጀማል ሊጤ ላይ መጣ።

ቀበርነው። ሶደቃውም ወጣ። ለቅሶ ቤት የተቀመጡት የድሮ ደንበኞቹ ናቸው፤ ፀጉራቸው ገባ፣ ሆዳቸው ወጣ፣ ግን በአግዳሚ አቀማመጣቸው አወቅኋቸው። ጀማል ነው ነገሩን ያመጣው። "ዲስኩ አለ አይደል? በገዛ ቤቱ እንየውለት" አለ። የስልክ ጠጋኙ ዕቃውን ወደ ጥግ ሰብስቦ ከዙሁር ሶላት በኋላ ለቀቀልን። አግዳሚ ስለሌለ ጀሪካንና ሣጥን ላይ ተቀመጡ። የሰይድ ዘንግ በር ጀርባ ቆሞ ተገኘ፤ ሃያት አነሳችው። እኔ በልማዴ በሩ ላይ ቆምኩ።

መጨረሻውን ከእኔና ከልጄ በስተቀር የሚያውቅ የለም። መንገር እንዳለብኝ አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። ሃያትን አየኋት። ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም።

"እንግዳው" አለች ከመጀመሪያው። "እንግዳው ባቡር ጣቢያ ደረሰ።" ወንዶቹ ተያዩና ፈገግ አሉ። ሾርባው መጣ። ረፋድ ሆነ። በሩ ተንኳኳ። ሁለቱ ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ ሽርጧን አራገፈች፣ ፈገግ አለች፣ አፏን ከፈተች።

ማንም ምልክት አልሰጠም። ያ ሁሉ ሽማግሌና ጎልማሳ፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ጀማል፣ ባንድ አፍ "ቤቱ ባዶ ነው!" አለ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እኔም ብያለሁ። ከኋላዬ፣ ከመንገዱ በኩል፣ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ዝቅ ብሎ ያለ መሰለኝና ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ ስመልስ ሴትዮዋ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች። ሁለቱ ሰዎች ደጃፉ ላይ ናቸው፤ ደረጃው ባዶ ነው። የሃያት ጣት ማጫወቻው ላይ ነበር።

"ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?" አለ ጀማል።

ልጄ፣ ያቺ ውሸት የማትወደው፣ ዘንጉን ወደ ሰዉ አዞረች።

"ከዚህ በኋላ ያለውን ካሴቱ በልቶታል" አለች። "እኔ ልንገራችሁ።"